ወጥ ያልነካው

ድርቆሽ ሽታ የለውም የሚል ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። ዓይኔን አስራችሁ ጆንያ የሞላበት መጋዘን ብታስገቡኝ የድርቆሹን ጆንያ በአፍንጫዬ ፈልጌ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ እርሾ እርሾ ይላል፤ ቀጥሎ ፀሐይ የመታው የጤፍ ገለባ፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጭስ።

በቀደም ወደ ወልድያ ስንሄድ አውቶብሳችን መርሳ ላይ ጎማው ተነፈሰና ወረድን። ከብርቱካንና ከፓፓያ ሻጮቹ ጎን አንዲት ሴት የጆንያ አፍ ፈታ ድርቆሽ ትሰፍራለች። ሽታው እንደ መጣ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረው ተሳፋሪ ዘወር ብሎ አየኝና ሁለት እርምጃ ራቅ አለ። ይራቅ! ምን ያውቃል እሱ። እኔ ያን ጊዜ መርሳ ጎማ ከሚጠገንበት ቦታ አልነበርኩም፤ ዐሥር ዓመቴ ነበር፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ካለች ጎጆ ሥር ተንበርክኬ በጭቃው ግድግዳ ቀዳዳ አጮልቃለሁ።

ዓመቱን መጥራት አያስፈልግም። የመርሳ ሰው «ያ ክረምት» ካለ ያ ክረምት ነው፤ ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ የወረደበት። ትልልቆቹ ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ላይ ነው። እውነቱን ልናገርና እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጅ ነበርኩ፣ ምን ይደረግ።

ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ ማርያም ከሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ሽንኩርት ጭኖ ደሴ እንደ ወረደ መንገዱ ከኋላው ተዘጋና እዚያው ቀረ። እናቴ ቀኗን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር ናት። ከአጥሩ ወዲያ ሼህ ይማም አሉ፤ የልጅ ልጃቸው ሐያት ጓደኛዬ ናት። በአጥሩ መካከል እኔና ሐያት የምንሾልክበት ቀዳዳ ነበር። ትልልቆቹ በየዓመቱ ይደፍኑታል፤ እኛ በየዓመቱ እንከፍተዋለን።

አሁን ስለ ሁለቱ ካህናት ልንገራችሁ።

የደብሩን አስተዳዳሪ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም፤ መላከ ገነት ነው የሚባሉት። ጥላቸው ዘርፍ አለው፤ ካባቸው በወርቅ ክር የተጠለፈ ነው፤ መስቀል ሲያሳልሙ እጃቸው ሽቶ ሽቶ ይላል። ድግስ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ፊታቸው የሚቀርበው የበግ ቅልጥም ነው፤ ሲሄዱም መክፈልታቸው፣ ማለት ካህን ከድግስ ቤት ወደ ቤቱ የሚይዘው ድርሻው፣ በሁለት አገልግል ተሞልቶ በሰው ይሸኛል። ቤታቸው ከደሴ ያስመጡት ቀይ ሶፋ አለ። ላስቲኩ አልወጣለትም። አንድ ቀን እናቴ መልእክት ልካኝ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ጭኔ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ስነሣ እንደ ፕላስተር ተላጠ። ታዲያ እኔ በጣም ነበር የማደንቃቸው። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነው፤ እግዚአብሔር ለሚያገለግሉት ሁሉ እንደ ሥራቸው ይከፍላል፤ መላከ ገነት ሥራቸው ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል።

አባ ሞላን ሳይ ግን ምን አጥፍተው ይሆን እላለሁ። ሚስታቸው ከሞተችባቸው በኋላ የመነኮሱ ሽማግሌ ናቸው። አመድ የመሰለች አንድ ነጠላ፣ የጎማ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ አንድ ከረጢት፤ ይኸው ነው ንብረታቸው። ጎጆአቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በስተጀርባ ናት። ድግስ ላይ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጡና ሥጋውን ወደ ጎን ያሳልፋሉ። መክፈልት ሲታደል ግን ይነቃሉ! ከረጢታቸውን በሁለት እጃቸው ከፍተው፣

«ወጥ ያልነካውን፣ እኅቴ፤ ወጥ ያልነካውን» ይላሉ።

እንጀራውን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ዘርግተው፣ አገላብጠው ያዩታል። ጠብታ ወጥ ካረፈበት ለልጆች ይሰጡታል፤ ያልነካው ወደ ከረጢት። ቤታቸው ወስደው ድንጋይ ላይ እንደሚያሰጡትና እንደሚያደርቁት መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ አባ ድርቆሽ ይባላሉ። የቆሎ ተማሪና መንገደኛ ሲያልፍ አሮጌውን ይሰጣሉ፤ ከዚያ በአዲስ ይተኩታል። አሽሙረኞች «ስማቸው ሞላ፣ ከረጢታቸው ግን አይሞላ» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው ወደ መንደሩ ቁልቁል ያያሉ። «ከማን ቤት ብዙ ጭስ እንደሚወጣ እያዩ ነው፤ ድግስ እንዳያመልጣቸው» ይባላል። እኔም ይህንን አምኜ አንድ ቀን እናቴ ጎመን ስትቀቅል እርጥብ ቅጠል እሳት ውስጥ ጨምሬ ቤቱን በጭስ ሞላሁት፤ ይመጡ እንደሆነ ለማየት። የመጣልኝ ግን የእናቴ ጥፊ ነበር።

እናቴ በአባ ሞላ ላይ የቆየ ቂም ነበራት። በአባቷ ተዝካር ከእሷ ቤት ከረጢት ሙሉ እንጀራ ይዘው ሄዱና አርፍደው ከግራና መንደር ለመጡት ሰዎች እንጀራ አነሰ። ወጥ ተርፎ እንጀራ አነሰ! በወሎ ከዚህ የባሰ ውርደት ካለ ንገሩኝ። ስማቸው በተነሣ ቁጥር «ያባቴን ተዝካር የበላ» ትላለች።

የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ። እኔና ሐያት ጆሯችንን መሬት ላይ ለጥፈን ማን ቀድሞ እንደሚሰማ እንወራረዳለን። በማግሥቱ አስፋልቱ በሰው ተሞላ። ከወልድያ፣ ከሲሪንቃ፣ ከየት ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ፍየል ጎትቶ፣ አንዱ ቴሌቪዥን እንደ ሕፃን አዝሎ ወደ ደቡብ ይጎርፋል። እኛ ልጆቹ በጣሳ ውኃ እናቀብላለን። ሮጠን እንቀዳለን፣ ሮጠን እንመለሳለን፤ ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ነው። እንደዚያ ያለ ሠርግ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከመላከ ገነት በር ላይ አይሱዙ ቆመ። እናቴ እጄን ይዛ ቀስ እያለች ሄደች።

«መላከ ገነት» አለች፣ «ቀኔ ቀርቧል። ባሌ ደሴ ነው ያለ። ጥግ ላይ ልቀመጥ፣ ይዘውኝ ይሂዱ።»

«ወይኔ ልጄን!» አሉ መላከ ገነት። ከልባቸው ያዘኑ ይመስላሉ። «ምን ላድርግሽ፤ መኪናው'ኮ ሞላ። እመቤታችን ታውቃለች።»

ይህን ሲሉ አራት ጎረምሶች ቀዩን ሶፋ ከነላስቲኩ ሽቅብ እያነሡ ነበር። ፍሪጁ ተጭኗል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቆሟል። እናቴ ሶፋውን አየች፤ አፏን ከፈተች። ክፉ ነገር ልትናገር እንደሆነ ገባኝና ተቅለበለብኩ።

«እማዬ፣ ዝም በይ! ሶፋው'ኮ የታቦቱ ነው!»

ለእኔ ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ተገልጦልኝ ነበር። ታቦት መሬት አይነካም፤ መኪና ወለል ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ለካስ ላስቲኩን ያላወጡለት ለዚህ ነው! እናቴ እኔን አየች፣ ሶፋውን አየች፣ ከዚያ ሳቅ ጀመራት። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ፣ መኪናው ላይ ያሉት ጎረምሶች እቃ ማንሣቱን ትተው እስኪያዩዋት ድረስ ሳቀች።

«አዎ ልጄ፣ የታቦቱ ነው» አለች። ወደ ቤታችን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር።

እኔ ግን ታቦት የሄደበት ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝና ዳገቱን ሮጬ ወጣሁ። አባ ሞላ ደጀ ሰላሙን ይጠርጋሉ።

«አባ፣ ታቦቱ በሶፋ ሄደ አይደል?»

መጥረጊያቸውን አቁመው ተደገፉበት።

«ታቦቱማ እዚሁ ነው። እሱ ዕቃ የለው፤ ምኑን ጭኖ ይሄዳል?» አሉ። «እናትሽስ?»

«መኪናው ሞላ።»

«እንዲህ በያት፤ ማርያምም አልሄደች፣ እኔም አልሄድኩ።»

ነገርኳት። «እሳቸውማ ከረጢታቸውን ትተው የት ይሄዳሉ!» አለች።

በቀጣዮቹ ቀኖች ከሰሜን የወረዱት ታጣቂዎች ገቡ። መብራት ጠፋ። ስልክ ሞተ። ባንኩ ተዘጋ። የኤሌክትሪኩ ወፍጮ ዝም አለ። መርሳ ውስጥ ወፍጮ ዝም ሲል ምን ያህል ጸጥታ እንደሚሆን ያልሰማ አያውቀውም። ሼህ ይማም ዶሮ ውኃ ይጠጣበት የነበረውን አሮጌ የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ አስነሥተው አሳጠቡት። እኔና ሐያት በመፍጨት ተራ እንጣላለን፤ መዳፋችን ውኃ እስኪቋጥር እንፈጫለን፤ በየመሃሉ ዱቄቱን በምላሳችን እንቀምሳለን። የአጥሩ ቀዳዳ ያን ጊዜ በር ሆነ፤ የሚደፍነው ጠፋ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ምድጃ ማብሰል ጀመሩ፤ እናቴና የሐያት እናት አንዷ ስታቦካ ሌላዋ ትጋግራለች።

በመስከረም ወንድሜ ተወለደ። እናቴን ያዋለደቻት የሐያት እናት ናት። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከሩቅ መድፍ ሲያጓራ፣ ከውስጥ እናቴ ስትጮህ፣ እኔና ሐያት ደጅ ላይ እየዘለልን «ወንድ ይሁን! ሴት ትሁን!» እንባባላለን። ወንድ ሆነ። ድምፁ መድፉን ያስንቅ ነበር። ሼህ ይማም ከአጥሩ ማዶ ሆነው «አልሐምዱሊላህ! ይኼስ ወታደር አይሁን፣ ሙአዚን ነው» አሉና እናቴን ከነሕመሟ አሳቋት።

ከዚያ ቀስ በቀስ ዱቄት አለቀ። ታጣቂዎች በየቤቱ እየገቡ ዱቄት ይጠይቃሉ፤ መጠየቅ ከተባለ። ሱቅ ተዘግቷል፤ ገበያ ላይ ጨውን በእንቁላል፣ እንቁላልን በሳሙና መለወጥ ተጀምሯል፤ ከዚያም የሚለወጥ ጠፋ። ቁርስ ዘይቱን ሆነ፤ ምሳ ጎመን፤ እራት የጠዋቱ ዘይቱን። እኔ ዘይቱን ስለምወድ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሆዴ እስኪደርቅ ድረስ በላሁ። እናቴ ግን አራስ ናት፤ ገንፎ ይገባት ነበር። ወተቷ ቀነሰ። ያ መድፍ የሚያስንቅ ድምፅ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ጠዋት እንደ ድመት ግልገል ሆነ። እናቴ ከአንዱ ጡቷ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች፤ እሱ ይስብና ይተወዋል።

ያኔ ነው የፈራሁት። መድፉ አላስፈራኝም፤ ያ ድምፅ ግን አስፈራኝ።

በዚያው ሳምንት የሼህ ይማም ፍየል አመለጠች። ከታጣቂዎቹ ደብቀው ያቆዩዋት አንዲት ወተቷ የነጠፈ ፍየል ናት፤ እሷ ጠፋች ማለት አለቀ። እኔና ሐያት ዳገቱን ተከተልናት። ፍየሏ አጥር አጥሩን ዞራ አባ ሞላ ጎጆ ጀርባ ቆመች፤ አፏን ግድግዳው ውስጥ ከትታ ታመነዥካለች። ጭቃው ወድቆ እንጨቱ ታይቷል። ሐያት ፍየሏን በቀንዷ ስትጎትት እኔ በቀዳዳው አጮለቅሁ፤ ሽታው ፊቴን መታኝ።

ጆንያ! ጆንያ በጆንያ ላይ፣ እስከ ጣሪያው! አንዱን ፍየሏ ቀድዳው ድርቆሹ ወለሉ ላይ ፈስሷል።

«ሐያት! ሐያት! ነይ እዪ!»

«ወላሂ እንጀራ ነው!» አለች ሐያት። ፍየሏን ለቀቀቻት።

እጄን አስገብቼ አንድ ቁራሽ አወጣሁና ለሁለት ሰበርኩት። ቀጭ አለ፤ ምን ዓይነት ደስ የሚል ድምፅ ነበር! ሐያት ድርሻዋን ተቀብላ አልበላችም። አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችው።

«ወጥ ነክቶታል?»

«ምንም አልነካውም፣ እዪው።»

«ቢስሚላህ» ብላ ቀረጠፈችው። ሌላ ልታወጣ እጇን ስትሰድ ፍየሏ ተመልሳ መጣች፤ ሐያት ይዛት ወረደች። እኔ ቁልቁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት።

እናቴ ተኝታ ነበር። ስነግራት ተነሥታ ቁጭ አለች። ፊቷ ላይ ለብዙ ቀን ያላየሁት ደም መጣ።

«አላልኩም! አላልኩም ያባቴን ተዝካር! ልጄ እየሞተብኝ እሳቸው ጆንያ ላይ ይተኛሉ!» ልትወጣ ነጠላዋን አነሣች። ከዚያ ትዝ አላትና ተቀመጠች፤ የወንድ ልጅ አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትጠጋም። ክንዴን ያዘችኝ። «ሂጂ። እንዲህ በያቸው፦ እናቴ ትላለች፣ ባባቷ ተዝካር ቀን ከቤቷ የያዙትን እንጀራ አሁኑኑ ይመልሱ። ስትናገሪ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ!»

ቃሉ እንዳይጠፋኝ ጮክ ብዬ እየደገምኩ ወጣሁ። «አሁኑኑ ይመልሱ፣ አሁኑኑ ይመልሱ።» ንዴት እንዴት እግር ያፈጥናል! አባ ሞላ እንደ ልማዳቸው ቋጥኙ ላይ ተቀምጠው ወደ መንደሩ ያያሉ። ፊታቸው ቆሜ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ሁሉንም አልኩ። ከራሴም ጨመርኩበት፤ «አንቱ ስግብግብ ነዎት! ወንድሜ እንደ ድመት ነው የሚያለቅሰው!»

አልተቆጡም።

«እናትሽ ልክ ናት። የእሷ ነው፤ ይመለሳል» አሉ። «ነይ እስቲ እዚህ። ቤታችሁን አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው።

«ጭስ አለው?»

«የለውም።»

«የሼህ ይማምስ? ከዚያ ወዲህ ያለውስ? እዚያ ዋርካው ሥር?»

መንደሩ በሙሉ ከእግሬ ሥር ነበር። ጠዋት ነው፤ ቁርስ የሚሠራበት ሰዓት። እዚህ አንድ ቀጭን ጭስ፣ እዚያ አንድ ቀጭን ጭስ፤ ሌላው ጣሪያ ሁሉ ደረቅ ነው። ከዚያች ጠዋት በፊት ቤት ጭስ ከሌለው ምን ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

«ጠዋት ጠዋት የሚያዩት ይኼን ነው?»

«ሌላ ምን አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልሰጡንም?» ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

«በሰባ ሰባቱ ረሃብ ዲያቆን ነበርኩ» አሉ። «እህል የተረፈው አንድ ደግ ሰው ጎተራውን በመጀመሪያው ሳምንት ከፈተ። ሁሉም መጣ፤ ሁሉም ጠግቦ በላ፤ ለመንገድም ያዘ። ዝናቡ ግን ሩቅ ነበር። ጎተራው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው ሰው የረገፈው። እኔ የፈራሁት እሱን ነው እንጂ ሰው ስግብግብ ይለኛል ብዬ አልነበረም።» ወደ ማሳው አሳዩኝ። «ሂጂና ያንን ማሽላ አንድ ራስ ቀጥፈሽ አምጪ።»

ሮጬ አመጣሁ። አንድ ፍሬ በጥፍሬ እንድጫን አዘዙኝ። ነጭ ወተት ወጣው።

«ወተት ይዟል» አሉና ተነሡ። ሲነሡ ጉልበታቸው ተንቋቋ። «ማሽላው እስኪበስል ድርቆሹ ያደርሰናል። ለእናትሽ ቀድመሽ ውሰጂላት፤ አራስ ይቀድማል።»

እቅፍ ሙሉ ይዤ ወረድኩ። ከኋላዬ የደወል ድምፅ መጣ። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ ነው፤ አባ ሞላ በብረት እየደበደቡት ነበር። በዓል አይደለም፣ ሰው አልሞተ፤ መንደሩ ሁሉ ደንግጦ ወጣ። ድርቆሹን ለእናቴ አስታቅፌ ተመልሼ በረርኩ፤ ይህ እንዲያመልጠኝማ አልፈልግም!

ቀድመው የደረሱት ሁለት ታጣቂዎች ነበሩ፣ እያለከለኩ። አንደኛው ከጎጆዋ ደጅ ከተደረደሩት ጆንያዎች ቁራሽ አውጥቶ ነከሰ፤ ተፋው። «የአህያ ነው» አለው ለጓደኛው። ስቀው ወረዱ። አባ ሞላ ጢማቸውን ዳበሱ፤ «ስንት ጊዜ መጡ መሰለሽ፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚሉት» አሉኝ።

ክርስቲያኖቹ ሰፌድና ነጠላ ይዘው ጆንያዎቹን ከበቡ። ሙስሊሞቹ ከአባ ሞላ ግቢ አጥር ወዲያ ቆሙ። አልተጠጉም፣ አልሄዱም። ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከፊት ሼህ ይማም በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ሐያት ቀሚሳቸውን ይዛለች።

«አባ ሞላ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ሼህ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ደኅና ነው። መስጊዱስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሼሁ ጆንያውን አዩ፤ ልጆቹን አዩ።

«አይቀየሙኝና ልጠይቅ» አሉ። «ወጥ ነክቶታል?»

አባ ሞላ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በሰባ ሰባት» አሉ፣ «ከግራና በኩል ልጅ ያዘለች አንዲት እናት እዚህ አስፋልት ዳር አገኘችኝ። ከረጢቴ ሙሉ ነበር። ልክ እንደ እርስዎ ነው የጠየቀችኝ። ከተዝካር ቤት ነበርና የመጣሁት ሁሉንም የሥጋ ወጥ ነክቶት ነበር። መዋሸት አልቻልኩም፤ ነገርኳት። አመስግናኝ፣ ልጇን አቅንታ አዝላ ሄደች። ስትሄድ አየኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሼህ፣ ወጥ የነካው ከረጢቴ ገብቶ አያውቅም።»

ሼህ ይማም አንድ እርምጃ ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«በጭንቅ ቀን'ኮ ይፈቀድላት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ዲናችን ያዝናል፤ አይጨክንም።»

«በኋላ ነገሩኝ። ግን ሰው ልጁ እየራበው እያለ ይፈቀድልኛል ወይስ አይፈቀድልኝም ብሎ እንዲጨነቅ ለምን ላድርገው? እኔ ጠብቄ ብይዝለት አይሻልም?»

«ከረጢታቸው አይሞላ» የምትለዋ ሴትዮ ሰፌዷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅስ ነበር። ሐያት ግን እንደ እኔው ናት፤ ዝም ማለት አትችልም።

«አያቴ፣ አልነካውም! እኔ ከትናንት ወዲያ በልቼዋለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ነገሩ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነበር፣ ግን በደስታ ቀኑ ጠፍቷት ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሼሁም ሳቁ። «ኑ፣ አብሽሩ፣ ኑ» እያሉ ልጆቹን በአጥሩ በር ወደ ጎጆዋ አሳለፏቸው። በየቀኑ ለየቤቱ በእፍኝ እንጂ በጆንያ አልታደለም፤ እሱን አባ ሞላ አስቀድመው ተናገሩ፣ የተቃወመ የለም።

ቤት ስደርስ እናቴ ድርቆሹን በተልባ አርሳ እየበላች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከግራና ስለመጣችው ሴትም፣ ስለ ጭሱም። እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ።

«ያባቴ ተዝካር» አለች። ከዚያ አለቀሰች። «አባዬ፣ ሞተህም አበላኸን።»

የእናቴ ወተት ተመለሰ። ትንሽ ቀናት ቆይቶ አንድ ጠዋት ወንድሜ ያንን መድፍ የሚያስንቅ ጩኸቱን ለቀቀው። ከአጥሩ ማዶ ሼህ ይማም «ሙአዚናችን ተነሣ!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ፣ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ። አርባ ቀኑ ሲሞላ አባ ሞላ አጠመቁት። ማሽላው በሰለ፤ ከጎጆዋ የመጨረሻው ጆንያ ሲራገፍ እሸት እየጠበስን ነበር።

በታኅሣሥ መንገዱ ተከፈተ። አባቴ መጣ፤ ልጁን አቅፎ እስኪመሽ አላወርድ አለ። መላከ ገነትም መጡ፣ ሶፋውም ከነላስቲኩ መጣ። የመጀመሪያው እሑድ ይህ ዓለም ኃላፊ ነው፣ ሀብት አትሰብስቡ ብለው ጥሩ አድርገው ሰበኩ፤ እናቴ እኔን በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና ሁለታችንም በነጠላ አፋችንን ሸፈንን።

ገና ሲሆን አባቴ በግ አርዶ ድግስ ደገሰ። መላከ ገነት ቅልጥማቸው ቀረበላቸው። አባ ሞላ መጨረሻው ወንበር ላይ ናቸው፤ እናቴ ግን ማንም ሳይነሣ ቀድማ አዲስ የወጣ እንጀራ በሰፌድ ይዛ ፊታቸው ቆመች። «ወጥ ያልነካው ነው፣ አባ» አለች። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉ። ከረጢቷ ሞላች፣ ሌላ ከረጢት ተፈለገ።

ያን ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ ሐያት ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሼህ ይማም ጎንበስ ብለው። በዚያ ቀዳዳ ሲያልፉ አይቻቸው አላውቅም። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዘዋል።

«ትናንት መስጊድ ሰደቃ ነበረን» አሉ አባ ሞላ ፊት ቆመው። «ከረጢትዎን ይክፈቱ። በግ አርደናል፣ ይኼ ግን ለብቻው ነው የተቀመጠው። ወጥ አልነካውም።»

አባ ሞላ ተነሡ። ላይኛውን እንጀራ አንስተው እንደ ልማዳቸው ወደ ብርሃን ዘረጉት፣ አገላብጠው አዩት። እኔ ደግሞ ከሥር ሆኜ በእንጀራው ዓይኖች መሃል ሰማዩን አየሁ። ጠብታ አልነበረበትም።